በእርግዝና ለሚመጣ ማቅለሽለሽ፦ ከአልጋ ሳትወርጂ የሚጀመር መመሪያ

«ምንም አይረጋልኝም። ምን ልብላ?»

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። ደብረ ብርሃን ላይ በአዋላጅ ነርስነት እሠራለሁ። አንዷ ከባሶና ወራና ገጠር ትመጣለች። ሌላዋ ከመንዝ። ሌላዋ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ትደውላለች። ጥያቄው ግን አንድ ነው። እኔም ሁለቱን ልጆቼን ሳረግዝ ልቤን ሲያጥወለውለኝ ነው የከረምኩት። ስለዚህ ለእያንዳንዷ የምነግረውን በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

መጀመሪያ ይህን እወቂ

ማቅለሽለሹ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ሳምንቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባሽ ከጀመረበት ቀን ነው። ከ8ኛ እስከ 10ኛ ሳምንት ይብሳል። ብዙዎችን ከ12ኛ እስከ 14ኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ይተዋቸዋል። አንዳንዶችን ግን እስከ 20ኛ ሳምንት ያቆያቸዋል። ከ10 ነፍሰ ጡሮች 7 ወይም 8 ያህሉን ያገኛቸዋል። ጠዋት ይበርታ እንጂ ቀንም ማታም ይመጣል።

የሚያመጡት በእርግዝናው ምክንያት በደም ውስጥ የሚጨምሩ ሆርሞኖች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ጂዲኤፍ 15 ይባላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከእርግዝናዋ በፊት ይህ ሆርሞን በደሟ ውስጥ አነስተኛ የነበረ ሴት ሕመሙ ይጠናባታል። ሰውነቷ ስላልለመደው ነው። ስለዚህ «ቅምጥል ናት»፣ «ሥራ ጠልታ ነው» የሚሉሽን አትስሚያቸው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ሆርሞኑን ማስቀረት አንችልም። የምንችለው ሁለት ነገር ነው፤ ሆድሽ ባዶ እንዳይሆን፣ ሰውነትሽም ውሃ እንዳያልቅበት ማድረግ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም የደረቀ ዳቦ፣ ክዳን ባለው ዕቃ
- የበሶ ዱቄት
- አንድ ራስ እርጥብ ዝንጅብልና ጥቂት ሎሚ
- ፔርሙስ፣ አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ፣ የቡና ሲኒ
- ከጤና ኬላ ወይም ከመድኃኒት ቤት 2 ፓኬት ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት)
- አልጋሽ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ባልዲ ወይም ሳፋ
- ደብተርና እስክሪብቶ (ወይም ስልክሽ)

አሠራሩ

1. ቀድመሽ ተመርመሪ።

እርግዝናው 12 ሳምንት ሳይሞላው ጤና ጣቢያ ሂጂና ክትትል ጀምሪ። ክብደትሽን አስለኪና ቁጥሩን ጻፊው። የዛሬ ክብደትሽ ካልታወቀ ከወር በኋላ መቀነስሽን የሚያውቅ የለም። ደግሞም የሚያስመልስ ሁሉ እርግዝና አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ጨጓራም ያስመልሳል። ከቆላው ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ በኩል የምትመጪ ከሆነ ደግሞ ወባም አለ። ትኩሳት ያለው ማስመለስ በፍጹም «የእርግዝና ነው» ተብሎ አይታለፍም። በዚያው ቀን ደምሽ ይታይ።

2. ከአልጋ ሳትወርጂ ብዪ።

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ።

ማታ ስትተኚ ቆሎውን ወይም ዳቦ ቆሎውን እጅሽ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጪ። ጠዋት ዓይንሽ ሲገለጥ አትነሺ። ቀና ብለሽ ትራስ ተደገፊ። አንድ እፍኝ ያህል ቀስ ብለሽ አላምጪ። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለሽበት ቆዪ። ስትነሺ ደግሞ መጀመሪያ እግርሽን አውርደሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጪ፣ ከዚያ ቁሚ።

ሌሊቱን ሙሉ ባዶ የቆየ ጨጓራ ውስጥ አሲዱ ብቻውን ነው ያለው። በዚያ ላይ ድንገት ብድግ ስትዪ ያጥወለውልሻል። ደረቅ ምግብ አሲዱን ይመጥልሻል። ሽታም ስለሌለው አፍንጫሽን አያስቸግርም።

እዚህ የእኛ አገር ችግር አንድ ነገር ነው። ደጋው ይበርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሴቲቱ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥታ እሳት ልታያይዝ ትጣደፋለች። ባዶ ሆዷን የኩበት ጭስ ላይ ታጎነብሳለች። ከዚያ ማስመለስ ነው። ለእነዚህ ጥቂት ሳምንታት እሳቱን ባልሽ ወይም ከፍ ያለ ልጅሽ ያያይዝ። ባል ሚስቱን አጅቦ ሲመጣ በመጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። አብዛኞቹ ደግሞ እሺ ይላሉ፤ የሚነግራቸው ሰው አጥተው ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ አንዲት የማምናት ሰው «ካልበላሽ የሚወጣም የለም» አለችኝ። እስከ ቀትር ሳልበላ መዋል ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን የሚወጣው ቢጫ፣ መራራ ሐሞት ሆነ። ጉሮሮዬ ተላጠ። ከዚያ ያወጣችኝ እናቴ ናት። በሶ ለውሳ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ፣ ራስጌዬ አኖረችልኝ።

3. በየ2 ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ብዪ።

በቀን ሦስቴ በደንብ መብላትን ለጊዜው እርሺው። 6 ወይም 7 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ጭብጥ ያህል ብዪ። ከሞላ ሆድም ከባዶ ሆድም ጋር ማቅለሽለሹ አይስማማም። እስኪርብሽ አትጠብቂ፤ ረሃቡ ሲሰማሽ አንዳንዴ ዘግይተሻል። ስልክሽ ላይ ደወል ሙዪ።

ብዙዎች የሚረጋላቸው ይህ ነው፦ ጭብጦ፣ ቂንጬ፣ የተቀቀለ ድንች በጨው፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የአጃ አጥሚት፣ ሙዝ፣ አልጫ ምስር፣ የሽምብራ ቆሎ። እንቁላሉን፣ ምስሩንና ሽምብራውን አትተዪ። ፕሮቲን ያለበት ምግብ ማቅለሽለሹን ከጣፋጭ ምግብ በተሻለ ያበርደዋል። ሆድም ውስጥ ይቆያል። ማታ ከመተኛትሽ በፊት አንድ እንቁላል መብላት ለጠዋቱ ይጠቅምሻል።

ጭብጦውን እንዲህ ለውሺው፦ 4 የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ሊጡን የሚይዝ ያህል የተፈላ ቀዝቃዛ ውሃ። ቅቤውንና በርበሬውን ለጊዜው ተዪ። ቅባት ጨጓራ ውስጥ ስለሚዘገይ ያጥወለውላል፤ በርበሬ ደግሞ ቃር ያስነሣል። ትንንሽ አድርገሽ አድቦልቡዪው።

እንጀራ የሚስማማት አለች፣ ኮምጣጣነቱ የማይሆንላት አለች። ሰውነትሽን ስሚው። ካልሆነልሽ ዳቦ ወይም ቂጣ ብዪ፤ ልጁ በዚህ አይጎዳም። ምግቡን ቀዝቀዝ አድርገሽ ብትበዪው ይሻላል። ትኩስ ምግብ ሽታው ይበረታል።

እርጎና ወተት ካማረሽ ወተቱ የተፈላ ይሁን። ጥሬ ሥጋ እስክትወልጂ ይቅር።

4. ውሃውን ከምግቡ ለይተሽ፣ በሲኒ ጠጪ።

ከምግብ በፊትና በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈሳሽ አትጠጪ። ምግብና ውሃ አንድ ላይ ሆድን ይወጥሩታል፤ የተወጠረ ሆድ ደግሞ ይመልሳል። በመሃል ባለው ጊዜ በየ15 ደቂቃው አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ጠጪ። ሲኒ ያልኩሽ ትንሽ ስለሆነ ነው። አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ የጠጣች ሴት ብዙ ጊዜ ያንኑ ብርጭቆ ታስመልሰዋለች። በቀን ሃይላንድሽን ሁለቴ ሞልተሽ ለመጨረስ ሞክሪ።

ውሃው ራሱ ካስጠላሽ የሎሚ ጠብታ ጨምሪበት። አምቦ ውሃ ለአንዳንዷ ይስማማል። ፉት ፉት ብትዪው ችግር የለውም፤ ሆድ ስለሚነፋ ግን አታብዢው።

ካስመለስሽ በኋላ ወዲያው አትጠጪ። 15 ደቂቃ ያህል ቆይተሽ በማንኪያ ጀምሪ። በየ5 ደቂቃው አንድ ሁለት ማንኪያ። በቀን ብዙ ጊዜ የሚያስመልስሽ ከሆነ ውሃ ብቻውን አይበቃም። ከውሃው ጋር ጨውም ነው የወጣው። አንዱን ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪና በ24 ሰዓት ውስጥ ተጠቀሚው። የተረፈውን ድፊው። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር የተፈላ ቀዝቃዛ ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሚ። ጨውን አታብዢ፤ ሲበዛ ይጎዳል።

ፈሳሹ እየበቃሽ መሆኑን የሚነግርሽ ሽንትሽ ነው። ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው። ሻይ መስሎ ከጠቆረ ወይም ከቀድሞው ካነሰ ውሃ አጥሮሻል።

5. ዝንጅብል አፍዪ።

ዝንጅብል የሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሚመጣ ማቅለሽለሽ ከሚመክራቸው አንዱ ነው።

ልጠሽ ፈግፍጊና አንድ የሻይ ማንኪያ ለኪ። በ4 ብርጭቆ ውሃ 10 ደቂቃ አፍዪው። አጥልለሽ ፔርሙስ ውስጥ ጨምሪ። ይህ የሙሉ ቀን ነው፤ በሲኒ እየቀዳሽ እስከ ማታ አዳርሺው። ስኳር ትንሽ ይበቃዋል። ቃር ካስነሣብሽ ግማሹን ቀንሺ። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ሳትጀምሪ ሐኪምሽን ጠይቂ። «ከበዛ ይበልጥ ይጠቅማል» ብለሽ እፍኝ ሙሉ እንዳትጨምሪ። ጨጓራን ያቃጥላል።

6. ሽታውን ሽሺ።

በእነዚህ ወራት አፍንጫሽ የማያሸተው የለም። ከሁሉ የሚከፋው የሽንኩርትና የበርበሬ ቁሌት ነው። ቀጥሎ የቡና ቁሊት፣ የኩበት ጭስ፣ እጣን። ብርዱን ፈርተን ቤታችንን ዘግተን ስለምንቀመጥ ሽታው አይወጣም። ቁሌቱን ሌላ ሰው ያቁላልሽ፤ ካልሆነም ውጭ ወይም በር ከፍተሽ አቁላዪ። በርከት አድርጎ በሳምንት አንዴ ማቁላላትም ይረዳል። ነጠላሽ ጫፍ ላይ የሎሚ ልጣጭ ቋጥሪ፤ ሽታ ሲመጣብሽ አሽትቺው።

ጎረቤት ቡና ላይ ካልሄድሽ «ኮራች» ይሉኛል ብለሽ አትጨነቂ። እርግዝናውን ገና ለሰው መናገር ካልፈለግሽ «ጨጓራዬን አሞኛል» ማለት ይበቃል።

7. የደም ማነስ ክኒንሽን ሰዓት ለውጪ።

በክትትል የሚሰጥሽ አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበት ክኒን ሆድን ሊያውክ ይችላል። ጠዋት በባዶ ሆድ አትውሰጂው። ማታ፣ ትንሽ ከበላሽ በኋላ፣ ልትተኚ ስትዪ ዋጪው። ከሻይና ከቡና አርቂው፤ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል።

እንዲያም ሆኖ ካልረጋልሽ ዝም ብለሽ አትጣዪው። ለአዋላጇ ንገሪያት። ፎሊክ አሲዱን ብቻውን መስጠትና አይረኑን ትንሽ ማቆየት ይቻላል። ፎሊክ አሲድ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ያስፈልጋል፤ የልጁ አንጎልና የአከርካሪው ነርቭ የሚሠራው በዚያ ጊዜ ነው።

8. እረፍትና መንገድ።

ድካም ማቅለሽለሹን ያብሰዋል። ቀን ግማሽ ሰዓት ጋደም በዪ። ግን እንደበላሽ ወዲያው አይደለም፤ አሲዱ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። ከምግብ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የምትወርጂ ከሆነ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ታውቂዋለሽ። ጤነኛውንም ያስመልሳል። ሚኒባስ ላይ ከኋላ አትቀመጪ። ፊት ወንበር ለምኚ፤ «ነፍሰ ጡር ነኝ» ስትዪ የሚከለክልሽ የለም። ዓይንሽን ከስልክሽ አንሥተሽ ሩቅ መንገዱን እዪ። ከመሳፈርሽ በፊት ጥቂት ቆሎ ብዪ። ባዶ ፌስታል ያዢ።

9. ጥርስሽን አትፋቂ፣ ተጉመጥመጪ።

እንዳስመለስሽ ወዲያው በብሩሽም በመፋቂያም ጥርስሽን አትንኪ። አሲዱ ጥርሱን አለስልሶታል፤ በዚያ ሰዓት ሲፋቅ ይሸረሸራል። በአንድ ኩባያ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሚና ተጉመጥመጪ። ከሌለ ውሃ ብቻ ይበቃል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ትቦርሺዋለሽ።

10. ይህ ሁሉ ካልበቃ መድኃኒት ጠይቂ።

መድኃኒት መጠየቅ ልጅን መጉዳት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በእርግዝና የሚሰጡ፣ ለብዙ ዓመታት የተሞከሩ መድኃኒቶች አሉ። መጀመሪያ የሚሞከረው ቫይታሚን ቢ6 ነው፤ የተለመደው መጠን ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ካልበቃ ባለሙያው ሌላ ይጨምራል፤ ለምሳሌ ፕሮሜታዚን ወይም ሜቶክሎፕራማይድ። ሜቶክሎፕራማይድ ወስደሽ ፊትሽ ወይም አንገትሽ ያለፈቃድሽ ከተጣመመ አቁሚና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ተመለሺ።

የጎረቤትሽን ክኒን ተበድረሽ አትዋጪ። ቢ6 ያለበት ድብልቅ ክኒን ብለሽ በራስሽ አትግዢም፤ አንዳንዱ ውስጥ ያለው መጠን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለ ጾም

ይህ ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለሆነ ለይቼ ጻፍኩት። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ለዚህ ሕመም በጣም ከባድ ነው። የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ ነፍሰ ጡር መሆንሽንና እንደሚያስመልስሽ ንገሪያቸው። አብዛኞቹ አባቶች ለነፍሰ ጡር ይፈቅዳሉ። ልብሽ እሺ ካላለሽ ደግሞ ምግቡን የጾም አድርጊው እንጂ ሰዓቱን አትጹሚ። በሶ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ለውዝ አሉልሽ። ሙስሊም ከሆንሽም ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ስትሰጋ በረመዳን ማፍጠር ተፈቅዶላታል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ጤና አዳም፣ ፌጦ ወይም ኮሶ መጠጣት። ጤና አዳም ማሕፀንን ሊያኮማትር ይችላል፤ ኮሶም ለነፍሰ ጡር አይሆንም። እናቶቻችን በቅን ልቦና ነው የሚያቀርቡልን። በእጃቸው ያለውን ይዘው ሊረዱን ፈልገው ነው። «እማማ፣ አዋላጇ ከልክላኛለች» በያቸው፤ በእኔ አሳብቢ።

«ጠላ ደም ይሆናል፣ ትንሽ አረቄም ሆድ ያሞቃል» ማለት። ሁለቱም አልኮል ናቸው። ለልጁ አይሆኑም፤ ጨጓራንም ይበልጥ ያቆስላሉ።

አፈር ወይም የግድግዳ ጭቃ መብላት። ይህን አምሮት ብዙዎች አፍረው ይደብቁታል። አታፍሪበት። ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው። ስለዚህ ተናገሪና ደምሽ ይለካ። አፈሩ ግን የሆድ ትላትልም ጎጂ ብረቶችም ሊኖሩበት ስለሚችል ይቅር።

ቡና ምግብ ማስመሰል። ሆድን ያታልላል፤ አይሞላም። ከ2 ሲኒ አይብለጥ፤ እሱም ከበላሽ በኋላ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከእነዚህ አንዱ ካለ በዚያው ቀን ሂጂ

- 24 ሰዓት ሙሉ ውሃም ምግብም ካልረጋልሽ
- 8 ሰዓት ያህል ሽንት ካልመጣሽ፣ ወይም ሽንትሽ በጣም ከጠቆረ
- ስትቆሚ የሚያዞርሽ፣ የሚያደክምሽ ወይም የምትወድቂ ከሆነ
- ትውከትሽ ደም ካለበት
- ትኩሳት፣ ጠንካራ የሆድ ሕመም ወይም ከማሕፀን ደም ካለ
- ክብደትሽ ከእርግዝናው በፊት ከነበረው 5 በመቶ ከቀነሰ። 50 ኪሎ ለነበረች 2 ኪሎ ተኩል፣ 60 ለነበረች 3 ኪሎ ማለት ነው።

ይህ ተራ ማቅለሽለሽ አይደለም። ፈሳሽና መድኃኒት በደም ሥር ሊያስፈልግሽ ይችላል። ለሳምንታት ምንም ካልረጋልሽ፣ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ይህን ለባለሙያው ተናገሪ፤ ቫይታሚን ቢ1 ቀድሞ መሰጠት ይኖርበታል።

ሁለት ነገር ጨምሪበት። ማስመለሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከእምብርት በላይ ካለ ሕመም ጋር ከመጣ ደግሞ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ያ አንድ ሌሊትም አያሳድርም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጥሪና አምቡላንስ ይጠራልሽ።

ስትሄጂ ደብተርሽን ያዢ። ስንተኛ ሳምንትሽ እንደሆነ፣ ትናንት ስንቴ እንዳስመለስሽ፣ መጨረሻ ሽንት የሸናሽበትን ሰዓት፣ የመጀመሪያውን ክብደትሽንና የወሰድሽውን መድኃኒት ሁሉ ጻፊበት። መጻፍ ካልቻልሽ አጅቦሽ የሚሄደው ሰው ይጻፍልሽ። እየታመምሽ ሁሉን ማስታወስ ይከብድሻል፤ እኛ ደግሞ እነዚህን አምስቱን ካገኘን የት እንደምንጀምር ወዲያው እናውቃለን።